መስታወቱ ላይ የከረመው ጥቅስ

ጥግ ላይ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት እንዲሁ ተራ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም። በመቀሱ ጫፍ የዝንብ ቅንድብ ይከረክማል ቢባል፣ ዝንቧ ራሷ መጥታ ትመሰክርለታለች እንጂ አትክድም። እሱ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ አንድ ራሰ በራ ሰው ከሱ ወንበር ተነስቶ ማበጠሪያ ሊገዛ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄዷል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ጭንቀቱንም ወለሉ ላይ አራግፎ ይወጣል፤ መጥረጊያው ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል።

ኩራቱ ግን በመቀሱ አልነበረም፤ በጥበቡ ነበር። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘረጋል፤ የጥበብ ቃል ካለባቸው ገጾች አንድ ጥቅስ ይመርጣል። ከዚያ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሸፈነው መስታወት አናት ላይ በሳሙና ቁራጭ አሳምሮ ይጽፈዋል። ጥቅሱ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ይሰነብታል። የሚላጭ ሰው አገጩን ቀና ሲያደርግ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ሰፈሩም «ጠቢቡ» ብሎ ስም አወጣለት። ግማሹ በሹፈት ነበር። እሱ ግን ሹፈቱን ለአሿፊዎቹ ትቶ ስሙን ብቻ ወሰደ።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለው ነበር። ጥቅሱን የሚመርጠው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ሲያዛጋ የሰነበተ እንደሆነ፣ ሰኞ ስለ ስንፍና የሚናገረው ይወጣል። ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ በጠዋት ከሚስቱ ጋር ሲጯጯህ ከተሰማ፣ ስለ ቁጣ የሚናገረው ይወጣል። ለራሱ የሚሆን ጥቅስ ግን ፈልጎ አያውቅም። መድኃኒት ለሁሉ ያዛል እንጂ እሱ አይውጥም።

በዚያ ሳምንት የወጣው አፉን ስለሚጠብቅ ሰው የሚናገር ጥቅስ ነበር። የታለመው ለባለታክሲው ነው፤ ከተሳፋሪው ቀድሞ ወሬውን የሚያደርስ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ የሚውል ሰው። ጠቢቡ ሳሙናውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ጽሑፉን አየና፣ «አሁን ምን ይላል እንግዲህ!» ብሎ በደስታ እጁን አፋተገ።

ያን ጥቅስ ከመጻፉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለችው የእንጨት መሥሪያው የሚውለው አናጢ ሊላጭ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ፣ አንዱ ሲገረፍ ሌላው የሚያለቅስ ጓደኛሞች ናቸው። አናጢው ዕድሜውን በሙሉ ቤቱ ራሱን ይላጭ የነበረ ሰው ነው። በቅርቡ ግን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ፀጉር ቤቱ መምጣት ጀመረ። ጠቢቡ «በመጨረሻ የባለሙያ እጅ አማረህ!» እያለ ሲቀልድበት ከረመ። ያን ሐሙስ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘውና አናጢው ቀኝ እጁን ከጨርቁ ስር አውጥቶ አየር ላይ ያዘው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አመፀብኝ» አለ። «ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው። ክንዴን ካስደገፍኩት ይረጋል፤ ከለቀቅኩት እንዲህ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ቀስ እያለ ይሄዳል አለ። ለዚህ ነው ማስተማሩን የፈለግኩት። እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ ያለኝን ለልጆች ልስጥ ብዬ ነው።»

ላይኛው ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ሊከፍት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ለመምህርነት ያሰበው አናጢውን ነው። በቀጣዩ ሳምንት አርብ እንጨት መሥሪያው ድረስ መጥቶ ሲሠራ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል።

«ለሱ በገዛ አፌ ነው የምነግረው» አለ አናጢው። «ደብቄ መግባት አልፈልግም። ግን እንጨት በእጄ ይዤ፣ እያየኝ ልንገረው። እስከዚያ እህቴም አታውቅም። አንተ ብቻ ነህ።»

ጠቢቡ ደረቱን መታ። «እዚህ የገባ ነገር መቃብር ገባ በለው። ድንጋይ ይናገራል፣ እኔ አልናገርም!» ከዚያም ሱቁን ዘግቶ አብረው ጸለዩ። ለሁለታቸውም ጥበብ ይስጠን ብሎ የለመነው እሱ ራሱ ነው። አለቀሰም፤ ሌላው ሁሉ ቢጋነን እንባው የእውነት ነበር።

እነሆ ማክሰኞ ሆነ።

በዚህ ሙያ ትኩስ ፎጣ የሚባል ነገር አለ። ፂም ከመላጨቱ በፊት ፎጣ በፈላ ውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ የሰውየው ፊት ላይ ይጠመጠማል። ወንበሩ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ከሰውየው የሚታየው የአፍንጫው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ አገረ ገዢም ይሁን ሊስትሮ አይለይም። ስለዚህ ጠቢቡ ለሚስቱ ወንድም ሥራ ሲያስተምር መጀመሪያ የነገረው ሕግ፣ «አፍህን ከመክፈትህ በፊት ጫማ እይ» የሚል ነበር። ፎጣ ስር ያለን ሰው የሚያሳውቀው ጫማው ነዋ። ይህን ሕግ ያወጣው እሱ፣ ያን ቀን ከጓዳ የፈላ ውሃ ይዞ ሲወጣ በሁለተኛው ወንበር ላይ ፊቱ በፎጣ የተጠቀለለ ሰው ተዘርግቶ አየ። ጫማውን ግን አላየም።

አላየም፤ ምክንያቱም ባለታክሲው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ወጋው።

«ጓደኛህ መምህር ሊሆን ነው አሉ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እጅ ማለት የዚያ ሰው እጅ ነው። ወንበር ሠርቶልኝ እስከ ዛሬ ሲጥ አላለም። ያንተ መቀስ እኮ ስትንጫጫ ነው የምትውለው።»

«የሱ እጅ?» አለ ጠቢቡ ማንቆርቆሪያውን እያስቀመጠ። መቀሱ ስትነካበት ሆዱ አይችልም። «ወዳጄ፣ አንተ የምታውቀው የድሮውን እጅ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። ጥቅሱም ከአናቱ በላይ፣ ከጡብ የሚበልጥ ፊደል ሆኖ ተደርድሯል።

«ለማንም እንዳትናገር» አለ ጠቢቡ።

ባለታክሲው ተነስቶ ተቀመጠ። የሚስቱ ወንድም ምላጩን መሳል አቁሞ ሳል ሳለ።

«ማንኪያ እንኳ አይዝም! ሾርባውን የሚጠጣለት ሸሚዙ ነው። ባለፈው ምስማር ልምታ ብሎ መዶሻውን ሲያነሳ መዶሻው በጎረቤት መስኮት ገባ።»

«አትለኝም!»

«እሱ ራሱ ተከትሎት ሊገባ ምንም አልቀረው!»

ባለታክሲው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። የሚስቱ ወንድም እንደገና ሳለ፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው የረዘመ ነበር።

«አንተ ደግሞ ውሃ ጠጣበት!» አለው ጠቢቡ ዞር ሳይል። የሳቅ ነገር ነው፤ አንዴ ከጀመረ ሰው አያቆምም። «እንዲህ ሆኖ ነው የሰው ልጅ መጋዝ የሚያስይዘው። በዓመቱ መጨረሻ በሰፈራችን ጣቱ ያልጎደለ ተማሪ ብታገኝ ና ጥራኝና በነጻ አስተካክለዋለሁ!»

ሦስተኛው ሳል አልመጣም። የሚስቱ ወንድም ሌላ ዘዴ አጥቶ ፎጣውን ቀስ አድርጎ ገለጠ።

ከፎጣው ስር የወጣው የርዕሰ መምህሩ ፊት ነበር።

ጠቢቡ ክው አለ። የሰፈሩ ሰዓት ሁሉ ቆመ፤ ከማንቆርቆሪያው የሚወጣው እንፋሎት እንኳ አየር ላይ ደርቆ የቀረ መሰለው። ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ወደ መስታወቱ አናት አነሳና ጥቅሱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጥሩ ጥቅስ ነው» አለ። ከዚያ ጋደም ብሎ ፂሙ በሙሉ እስኪላጭ ድረስ ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ። ባለታክሲው «ተሳፋሪ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ተሳፋሪ አልነበረበትም። ጠቢቡ መቀሱን ይዞ እንደ ሐውልት ቆመ፤ መስታወቱ ውስጥ ከራሱ ፊት በቀር የሚያየው አጥቶ ወለል ወለሉን አየ። አሁን ገና ጫማውን አየው። የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው። ከሰፈሩ ማሰሪያውን እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

ሰውየው ሲወጣ ተከትሎት በር ላይ ደረሰበት።

«ርዕሰ መምህር… ያ ያልኩት… ቀልድ ነው።»

«የትኛው ነው ቀልዱ?»

«ሁሉም!»

«እጁ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ብቻ?» አለ ጠቢቡ። አፉ የለመደበትን መንገድ ይዞ ጋለበ። «እንደ ድንጋይ ነው! በቀን አንድ ቤት ይሠራል! መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ምስማር ይመታል!»

ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ አርብ አየዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ጠቢቡ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ነው ያደረገው ነገር የገባው። አርብ አናጢው በገዛ አፉ «እጄ ይንቀጠቀጣል» ሊል ነው። ርዕሰ መምህሩም ሁለቱ ተመካክረው ሲደብቁ የተያዙ ነው የሚመስለው። ጓደኛው በክብር ሊናገር ያስቀመጠውን እውነት መጀመሪያ አሳበጠበት፤ ቀጥሎ ደግሞ ውሸት አደረገበት። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ሊያውቅ አልቻለም።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ዝም አለ። ሚስቱ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች ስታጣጥፍ ቆይታ ቀና ብላ አየችው።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምንድነው? አንተ ዝም ካልክ ወይ አሞሃል ወይ ሞተሃል።»

ነገራት። መጀመሪያ ሲነግራት ጥፋቱ የባለታክሲው ነበር። ቀጥሎ ሳል እንጂ ቃል መተንፈስ ያቃተው የወንድሟ ሆነ። እሷ ፎጣ እያጣጠፈች ስትሰማው ግን ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት አጥቶ ተመልሶ እሱ ጭን ላይ ቁጭ አለ።

«ነግረኸዋል?»

«ለማን?»

«እንዴ፣ ለማን ይሆን! ጫማህ በር ላይ ነው።»

«ዛሬ መሽቷል» አለ። ገና አልመሸም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሲያገላብጥ አገኘችው። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ገጹን እየዘለለ ይፈልጋል።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ስለ ይቅርታ የሚናገረውን ነው። የበደለንን ይቅር ማለት ግድ መሆኑን የሚናገር አንድ ጠንከር ያለ ጥቅስ አለ…»

«ለማን ነው የምትፈልገው?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ለአናጢው ነበር የሚፈልገው። ነገሩን ሲነግረው አስከትሎ ጥቅሱን ሊያወርድበት፣ ሰውየው ሳይወድ በግድ ይቅር እንዲለው ሊያደርግ ነበር። በድሎት ሲያበቃ ጥቅስ ደግሞ ሊያዝለት! ሚስቱ የጠየቀችውን ደግማ አልጠየቀችም። እሱ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። መጽሐፉን ከፊቱ ገፋ ማድረግ ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን አልታዘዘውም። የተከፈተው ገጽ ላይ እንዳለ ቆየ። በየመስመሩ ሰነፉ፣ ተሳዳቢው፣ ምስጢር አውጪው አለ። ድሮ እነዚህን ሲያነብ ባለታክሲው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የሚስቱ ወንድም ነበሩ የሚታዩት። አሁን ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ መቀስ የያዘ።

እሮብን ሙሉ ወደ ማዶ ሊሻገር እየተነሳ ተቀመጠ። አንዴ በር ድረስ ሄዶ «መኪና በዛ» አለ። መንገዱ ላይ አንዲት ብስክሌት ነበረች።

ሐሙስ አናጢው ራሱ መጣ። ጉንጩ ላይ ሰጋቱራ ተለጥፎ፣ ፊቱ በርቶ።

«አሳምረኝ እስቲ! ነገ ፈተና ነው።»

የሚስቱ ወንድም የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ኪሱን ዳብሶ ወጣ። ጠቢቡ አረፋውን መታ፤ ቀባ፤ ምላጩን አነሳ። ግራ ጉንጩን በደንብ ላጨው። አናጢው ከአረፋው ስር ሲናገር ነበር።

«ያን ቀን አብረን ከጸለይን ወዲህ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው። እውነቴን ነው። አንተ ባትኖር ለማን እነግረው ነበር?»

ምላጩ ቀኝ ጉንጩ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ምነው? እጅህ ምን ሆነ?»

ጠቢቡ የገዛ እጁን አየ። ይንቀጠቀጥ ነበር። ምላጩን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ባለታክሲው ነው የ…» አለና ዋጠው። «እኔ ነኝ። ማክሰኞ ያንተን ነገር እዚህ ቆሜ አወራሁት። ርዕሰ መምህሩ ፎጣ ስር ነበር። ሰማ። ተከትዬው ወጥቼ ደግሞ ሁሉም ቀልድ ነው፣ እጁ እንደ ድንጋይ ነው አልኩት።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በልኩ ተናገረ። ልኩም ካጋነነው ሁሉ የከፋ ሆኖ አገኘው።

አናጢው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ምን ብለህ ነው ያወራኸው?»

«ማንኪያ አይዝም አልኩ።»

«ማንኪያ አይዝም አልክ።»

«አዎ።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

«አንተስ?»

«እኔም ሳቅሁ።»

ያ ስለ ይቅርታ የሚናገረው ጥቅስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰው። ይህን ያህል ከባድ ነገር ውጦ አያውቅም።

አናጢው ከአንገቱ ላይ ጨርቁን ፈታ። እንደ ልማዱ አጣጥፎ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ጫፍና ጫፉ አልገጣጠም አለው። አንድ ጊዜ ሞከረ፣ ሁለተኛ ሞከረ፣ ከዚያ ተወውና ወንበሩ ላይ ጣለው። ጠቢቡ ሊያግዘው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ። አናጢው ከግማሽ ፊቱ ላይ አረፋውን በእጅጌው ጠርጎ፣ አንድ ጉንጩ ለስልሶ አንድ ጉንጩ እንደጎፈረ፣ በአደባባይ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ቆሞ አየው። ከዚያም ወደ ፀጉር ቤቱ ዞሮ አየ።

አርብ ጠዋት ጠቢቡ ነጭ ካፖርቱን አውልቆ፣ ሳህኑንና ምላጩን ይዞ ተሻገረ። ርዕሰ መምህሩ ሳይደርስ ቀሪውን ጉንጭ ልላጭለት ብሎ ነበር። ሲገባ ግን ርዕሰ መምህሩ ቀድሞት ቆሟል፤ የአናጢውን ፊት ግራና ቀኝ እያየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፊትዎ ምን ሆነ?»

«ግማሹን ሰው ላጨልኝ» አለ አናጢው። «ግማሹን ራሴ መላጨት አልቻልኩም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ በገዛ አፌ ልነግርዎ አስቀምጬው ነበር። ሰው ቀደመኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ በሩ ዞረ። ጠቢቡ ሳህኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

«ጠቢቡ» አለው። «ማንኪያ ነው ወይስ ድንጋይ?»

«ሁለቱም የኔ ናቸው» አለ ጠቢቡ። «ማንኪያውም ውሸት ነው፣ ድንጋዩም ውሸት ነው። እሱ በምስጢር የነገረኝን ነው የዘረገፍኩት፤ ያውም አሳብጬ። እሱ በሁለቱም ውስጥ የለበትም።»

«ታዲያ ልኩ ስንት ነው?»

ልኩን ያውቃል። የትኛው እጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚብስ፣ ክንዱ ሲደገፍ እንደሚረጋ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ያውቃል። ጥሩ አድርጎ ቢናገረው ጓደኛውን እንኳ ይጠቅመው ይሆናል። ጥርሱን ነከሰ።

«እሱን ይጠይቁት።»

አናጢው ጠቢቡን አላየውም። ለርዕሰ መምህሩ ግን ሁሉንም ነገረው፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ የጣውላ ርዝመት እንደሚናገር ሰው። ርዕሰ መምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ «እስቲ ይሥሩልኝ» አለ።

«እንጨቱን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ይይዙልኛል።» አናጢው ዙሪያውን ቃኘ። ከጠቢቡ በቀር ሰው የለም። «ያዝ» አለው። ከትናንት ወዲህ ለሱ የተናገረው ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ጠቢቡ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ጣውላውን በሁለት እጁ ያዘ። አናጢው ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ጥቂት ጠበቀ። እጁ ቀስ በቀስ ረጋ። በመሮው ቆፈረ፣ በመላጊያው አስተካከለ፤ ሁለቱን እንጨቶች ሲገጥማቸው በመካከላቸው ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም፤ ይህን የሚለው ስለ ፀጉር የሚያውቅ ሰው ነው። ጣውላው ግን ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጫቀጭ ነበር። የሚያንቀጫቅጨው የጠቢቡ እጅ ነው።

«የታመመው የማንኛችሁ እጅ ነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ማንም አልሳቀም።

«አንድ ወሰነ ትምህርት እንሞክራለን» አለ ርዕሰ መምህሩ ሲወጣ። «መጋዙን ረዳት ይይዛል። ስለ እጅዎ የምሰማው ግን ከእርስዎ ብቻ ነው፤ ሲብስም ሲሻልም።» በጠቢቡ አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ አልታወቀም።

ጠቢቡ ጣውላውን እንደያዘ ነበር።

«ልቀቀው» አለ አናጢው። «አልቋል።»

«ጉንጭህን ልጨርስልህ?»

«ይቆይ።»

ቆየም። አናጢው ወደ ፀጉር ቤቱ መምጣቱን አቆመ። የተላጨው ጉንጭ ያልተላጨውን እስኪደርስበት ሁለት ዓይነት ሰው መስሎ ከረመ፤ ከዚያ ፂሙ ተስተካክሎ አደገ፣ ወፈረ፣ ደረቱ ላይ ሊደርስ ተንደረደረ። ጠቢቡ በየቀኑ በመስኮቱ ያየዋል። አናጢው እንጨት ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወጣ ፂሙ ቀድሞት ይሄዳል። ደንበኛ ሁሉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሚጠይቀው ስለዚያ ፂም ነበር።

«ጓደኛህ ስዕለት አለበት እንዴ?»

«ተጣላችሁ ልበል?»

በድሮው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ ከአዳም የሚጀምር መልስ ነበረው። አሁን «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ይላል። በውስጡ ስንት ነገር ይገላበጣል! አንዳንዴ ጥፋቱን ራሱ አሳምሮ ሊያወራው ያምረዋል፤ እንዴት እንዳፈረ፣ እንዴት እንደተናዘዘ፣ በዓለም ላይ እንደሱ የተጸጸተ ሰው እንደሌለ። ይህንንም ዋጠው። ያን ቢያወራ የጓደኛው እጅ ዳግም ወሬ ውስጥ ሊገባ ነው። ባለታክሲው «ይሄ ቤት ቀዘቀዘ፣ ሌላ ፀጉር ቤት እፈልጋለሁ» ብሎ ዛተ፤ ለሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ።

ጥቅሱም አልተለወጠም። ሰኞ መጣ፣ ሌላ ሰኞ መጣ። እንፋሎቱ ፊደሎቹን ሲያደበዝዛቸው ጠቢቡ ሳሙናውን ይዞ እዚያው ላይ ያደምቃቸዋል።

«ይሄ ሰውዬ ጥቅስ አለቀበት» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ይሄኛውን ገና አልጨረስኩትም» አለ ጠቢቡ። የሚስቱ ወንድም ምላጩን እየሳለ ቀና ብሎ አየው፤ ሳል ግን አልሳለም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ፂሙ ገባ፤ ከኋላው አናጢው። ሰጋቱራ ከራሱ እስከ ጫማው ወርዶበታል። ማንንም ሳይጠይቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስታወቱን ሽቅብ አየ።

«አልተለወጠም።»

«አልተለወጠም» አለ ጠቢቡ።

ጠቢቡ ያን ዱር በመቀስ ቀነሰው፤ ፎጣውን ነከረ፣ ጨመቀ፣ ጠቀለለለት። ከፎጣው ስር አንድ የታፈነ ድምፅ ወጣ።

«ስማ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

ጠቢቡ ያን ማክሰኞ አስታውሶ አፈገፈገ። «ባትነግረኝስ?» አለ በሹክሹክታ። «ለእህትህ ብትነግራትስ?»

«ለእሷ የሚነገር አይደለም።»

ጠቢቡ ጎንበስ ብሎ ወደ ሁለተኛው ወንበር አየ። ጫማ የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው። በሩን ገርበብ አደረገው። ከዚያ ተመልሶ ጆሮውን ወደ ፎጣው አስጠጋ፤ አናጢው ተናገረ፤ ጠቢቡም ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ባለታክሲው በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ነገሩ አልቆ ነበር። የሁለቱን ሁኔታ አይቶ አፍንጫው የወሬ ጠረን ሳበው።

«ምንድነው ነገሩ? ምን አለህ?»

«ተቀመጥ» አለ ጠቢቡ ምላጩን እያነሳ። «ቀጣዩ ተራ ያንተ ነው።»

ከፎጣው ስር የተባለውን እዚህ ላይ አስፍቶና አድምቆ መጻፍ ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ከጠቢቡ አፍ አልወጣም፤ ባለታክሲው ሰኔን ሐምሌን ሲጎተጉት ከርሞ አላወጣውም፤ ሚስቱም ብትሆን ጠይቃ አታውቅም። ስለዚህ የሚያውቅ የለም።